ሕመማቸውን በስሙ የጠሩት የወ/ሮ የዓለምወርቅ ብርሃኔ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ የዓለምወርቅ ብርሃኔ ከአባታቸው ከአቶ ብርሃኔ ወንድሙ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለምነሽ ጎበና ግንቦት 9 ቀን 1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ተወለዱ። ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ ታናሽ እህታቸው ደሳለች ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ መሆኔን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁ፣ ሳነብ ድምፄ ቢንቀጠቀጥ አትታዘቡኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአካባቢያቸው በሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው፣ በ1979 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በ1982 ዓ.ም. በውሃ ቆጣሪ አንባቢነት ተቀጠሩ። ሕመም እስከጣላቸው ጊዜ ድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የጉለሌን ዳገት በእግራቸው ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። የትኛው ግቢ ውሻው እንደሚናከስ፣ የትኛው ቆጣሪ በጭቃ እንደሚሸፈን፣ የትኛዋ አሮጊት ብቻዋን እንደምትኖር ያውቁ ነበር። ሁለት ጊዜ በውሻ ተነክሰው በሦስተኛው ቀን ሥራ ገብተዋል። እኔ የሳቸውን ልብ አልወረስኩም።

በ1986 ዓ.ም. ከአቶ ዳኜ ሰይፉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ሊድያ እና ያዕቆብ የተባሉ ልጆችን አፍርተዋል። ልጆቻቸውን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል፤ አንዲት የልጅ ልጅም አይተዋል።

በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ጀርባቸውን ያማቸው ጀመር። ኅዳር ላይ ሐኪሙ ውጤቱን የነገሩት ለእኔ ነበር፤ ለእሳቸው እንዳይነገር የለመንኩትም እኔው ነኝ። በሽታው ከጡታቸው ተነሥቶ ወደ ጀርባና ወደ ጎድን አጥንታቸው ተሰራጭቶ ነበር። በእኛ ቤት እንዲህ ያለው ነገር ለታማሚ አይነገርም፤ ከሰሙት በሽታው ሳይሆን ድንጋጤው ይገድላቸዋል ብለን እናምናለን። ስለዚህ ከአቶ ዳኜና ከልጆቹ ጋር ተመካክረን፣ ጡታቸው ላይ ያለው ተራ እጢ፣ ጀርባቸውን የያዛቸው ደግሞ ነርቭ ነው አልናቸው። የመድኃኒቱን ማሸጊያ እየቀደድኩ ክኒኑን በሌላ ዕቃ የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ።

ነርቭ አለብህ የተባለ ሰው መታሸት ይፈልጋል። ሚያዝያ ላይ እኛ ሳናውቅ ብቻቸውን ወጌሻ ዘንድ ሄደው ታሹ። በሰውየው አልፈርድም፤ እሳቸው የነገሩት እኛ የነገርናቸውን ነው። በበሽታው የሳሳው የጎድን አጥንታቸው ተሰነጠቀ። ከግቢው በር እስከ አልጋቸው እስኪደርሱ ያሰሙት ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

በማግስቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳቸው። አላለቀሱም።

"ካወቅሽ ስንት ወርሽ ነው?" አሉኝ።

"አምስት፣ እታለም።"

"እኔ እብጠቱን በእጄ ካገኘሁት ዓመት ከመንፈቅ አልፎኛል" አሉ። "ፈርቼ ነው ያልነገርኳችሁ። ነርቭ ነው ስትሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።"

ከዚያ በኋላ የመጣውን ፍርሃት ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ሕመሙ ጋብ ባለበት ሰዓት እንኳ ተመልሶ ሊመጣ ነው እያሉ ይንቀጠቀጡ ነበር። ልብሳቸውን ሲቀይሩ፣ ሰው ደጅ ሲያንኳኳ፣ ያዕቆብ ሲያስነጥስ ሳይቀር ሰውነታቸው ይደርቃል። ሲደርቅ ሕመሙ ይብሳል። እኔም ክፍላቸው ከመግባቴ በፊት በረንዳው ላይ ቆሜ እዘገይ ነበር።

ግንቦት ላይ ቤት ለቤት እየዞረ ጽኑ ሕሙማንን ከሚረዳ ማኅበር ሲስተር ሀያም የምትባል፣ በዕድሜ ከሊድያ የማትበልጥ ነርስ መጣች። "ሕመሙን በመድኃኒት እንቀንሰዋለን፤ ፍርሃቱ ላይ ግን እርስዎም አብረውኝ ይሠራሉ" አለቻቸው። ሞርፊን የሚለው የማስታገሻው ስም እኛን አስደንግጦን ስለነበር፣ ሕመሙ እስኪነሣ ሳንጠብቅ በሰዓቱ መስጠት እንዳለብን ደጋግማ አስረዳችን። ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር እንዲነግሯት፣ በአፍንጫቸው ስበው ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው በቀስታ እንዲተነፍሱ አለማመደቻቸው። እኛንም "አይዞሽ፣ ምንም የለብሽም" ማለት እንድንተው ነገረችን።

አንድ ቀን ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሄዱበት መንገድ ካለ ጠየቀቻቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ አቶ ዳኜ ሳቁ፤ "ጉለሌን በሙሉ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ሲነሣ ወ/ሮ የዓለምወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ሥራ ይገቡ ነበር። በር ያንኳኳሉ፣ ውሻውን አስይዙልኝ ይላሉ፣ የቆጣሪውን ክዳን ከፍተው መስታወቱን በጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ያነባሉ፣ ወደሚቀጥለው ግቢ ያልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ አሥራ አንደኛው ግቢ ሳይደርሱ ሕመሙ ይበርድላቸዋል። እኛም ከአጠገባቸው ተቀምጠን የማን ቤት እንደደረሱ በጸጥታ እንጠይቃቸው ነበር።

ሁልጊዜ አልሆነላቸውም። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሦስተኛው ግቢ ማለፍ አቃታቸው። እጄን ጨምድደው ይዘው "ደሲ፣ ፈርቻለሁ" አሉኝ። ምላሴ ላይ የመጣው አይዞሽ ነበር። ዋጥ አድርጌው "እኔም ፈርቻለሁ፣ እታለም" አልኩ። አብረን መተንፈስ ጀመርን። በማኅበሩ ስልክ ያገኘናት ሲስተር ሀያም የነገረችንን ተጨማሪ መድኃኒት ሰጠናቸው። ስምንት የነበረው ስድስት ሆነ። ስድስትም ብዙ ነው፤ እሳቸው ግን "ስድስትን እችለዋለሁ" አሉ። እኔ በዚያች ሰዓት ወጥቼ መሮጥ እፈልግ ነበር፤ አልወጣሁም።

ታኅሣሥ ላይ ስለዚህ ጽሑፍ አንሥተው አዘዙኝ። "በኔ ታሪክ ላይ ባደረባቸው ሕመም ብለሽ እንዳታልፊ። ስሙን ጥሪው። ተቀምጠው ከሚሰሙት ሴቶች አንዷ እብጠት ይዛ ዝም ብላ ይሆናል።" እኔም እንድመረመር አስምለውኝ ነበር። እሺ አልኩ፤ እሳቸው በሕይወት እያሉ ግን አልሄድኩም።

ወ/ሮ የዓለምወርቅ ብርሃኔ በጡት ካንሰር ታመው፣ በቤታቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ጥር 14 ቀን ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው እና እኔ ቀርተናል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ጎረቤቶች፣ ለዕድራችን እና ለሲስተር ሀያም ምስጋናችን ከልብ ነው።

ከሰልስታቸው በኋላ፣ ሰኞ ጥር 18 ቀን፣ የምርመራ ቀጠሮ አለኝ። ሊድያ አብራኝ ትሄዳለች። በጣም ፈርቻለሁ። ትናንት በስልክ ቀጠሮውን ስይዝ ውጤቱ ለማን ይነገር ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለእኔ ለራሴ ብያለሁ።

ልዑል እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ ሕመም በማይደርስበት በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን። ለቀረነው መጽናናቱን፣ ለፈራነውም የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። አሜን።