በረዶ የጣለ ዕለት፣ ንፋስ መውጫ

ለውድ አባቴ ለአቶ ንጋቱ፣
ፓዌ፣ መንደር ሰባት

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የክረምቱ ወባ እንዳይጥልዎ አጎበሩን እየዘረጉ ይተኛሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ሙቀት ነው እያሉ ይጥሉታል? እናቴስ፣ ሳሏ ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ ግን ከብርዱ ብሷል። ደውዬ ድምፅዎን ብሰማ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እዚህ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። ደግሞም የምነግርዎ ነገር «ሃሎ፣ ሃሎ» እየተባለ የሚወራ አይደለም። ደብዳቤውን እህቴ ፅጌ ስታነብልዎ ቁጭ ብለው ይስሙ እንጂ እንደ ቆሙ አይስሙት።

አቶ መሐሪ ለለቅሶ ወደ ጋይንት ሄደው ሲመለሱ፣ «እህትህ ተሾመች አልሞተችም፤ ንፋስ መውጫ ናት» ካሉዎት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እንደሌለዎት አይቻለሁ። በድርቁ ዘመን ለሰፈራ ሲሄዱ ከታመመች እናትዎ ጋር ትተዋት መሄድዎን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ብታየኝስ ምን ትለኛለች?» ሲሉም ሰምቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ብድግ ብዬ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ከተማው እንደ ገባሁ ያወቅሁት ነገር ቢኖር ስሙን ያለ ምክንያት እንዳላወጡለት ነው። ነፋሱ ከፊት ለፊት ይመጣል፣ ዞር ሲሉለት ከኋላ ይጠብቃል። በማግሥቱ ማለዳ በሸራ ጫማዬና በስስ ሹራቤ ስወጣ ሰው ሁሉ እስከ አፍንጫው ጋቢ ተከናንቧል። ባለ ባጃጁ አየት አድርጎኝ፣ «እህቴ፣ ዘመድ የለሽም እንዴ?» አለኝ። አፍሬ በእግሬ ሄድኩ። እርስዎ ከአያቴ ጋር በግ እየነዱ ይመጡበት የነበረውን የገበያ ቦታ አየሁት። አሁን ዙሪያውን ፎቅ እየተሠራ ነው። የጉናን ተራራም ለአፍታ ደመናው ገለጥ ሲልለት አየሁት። «ይኼ ሁሉ የአባቴ አገር ነው» እያልኩ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር።

ረፋዱ ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ሀና የምትባል ልብስ ሻጭ እጄን ይዛ ወደ ሱቋ ባትጎትተኝ ኖሮ በረዶው አናቴን ይፈነክተኝ ነበር። አባቴ፣ እንዲያ ያለ በረዶ! ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጠጠር የጫነ መኪና የሚገለበጥ መሰለኝ፤ ከሀና ጋር ጮኸን እንኳ መሰማማት አቃተን። ሲያባራ ብወጣ መንገዱ፣ ጣሪያው፣ የቆሙት ባጃጆች፣ ሁሉም ነጭ ሆኗል። ቆላ ተወልጄ ቆላ ያደግሁ ሰው፣ ይህን በፊልም እንጂ በዓይኔ መቼ አይቼ? ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየሮጥኩ ፎቶ አነሳሁ። አንዷን ፍሬ አንስቼም ቀመስኳት።

ሀና እቴ ተሾመችን ታውቃቸው ኖሮ፣ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መሆኑን ጠቁማኝ ነበር። እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ከአንድ አጥር ውስጥ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አገጫቸውን ይዘው፣ በነጩ መሬት መካከል ቆመዋል። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሥዕል ይመስላሉ። «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎ?» አልኳቸው።

«ምኑን ነው የምታነሽው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«በረዶውን፤ በጣም ያምራል» አልኩ።

ጎንበስ ብለው በረዶውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ የተቀጠቀጠና ጭቃ ውስጥ የገባ ለምለም ነገር ታየ። «ይኸ ገብስ ነበር» አሉ።

አባቴ፣ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ይቅርታ ለመጠየቅ ስንተባተብ እሳቸው አጽናኑኝ። «አይዞሽ። የቆላ ልጅ መሆንሽን ጫማሽ ይናገራል። ላላየው ሰው መቼም ያምራል። ወንድሜም በልጅነቱ እያነሳ ይቆረጥመው ነበር» አሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ፣ እቴ ተሾመች የሚባሉ ሴት እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ተሾመችማ እኔ ነኝ። ምን ፈልገሽ ነው?»

«የንጋቱ ልጅ ነኝ» አልኩ። 

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ እንደ መቆጣት ብለው፣ «ንጋቱ ሞቷል። ለቅሶውን ተቀምጠናል፣ ተዝካሩን አውጥተናል። በሙት አይቀለድም» አሉኝ። ለካ ያኔ የሰፈራው ሰው በወባ አለቀ የሚል ወሬ ደርሷቸው፣ እናትዎም እርስዎን አልቅሰው ነው የሞቱት። እኔም ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው የተነሱትን ፎቶ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስልኩን አቅርበው አዩት፣ ራቅ አድርገው አዩት።

«ይኸማ ንጋቱ አይደለም። ይኸ አባቴ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «አባቴን መስሎ አረጀ?» አሉና እዚያው በረዶው ላይ ቁጭ አሉ። አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ጎረቤት በገብሱ ሊያጽናና ሲመጣ ተቃቅፈን ስናለቅስ አገኘን። ለሰብሉ መስሏቸው፣ «ኧረ ተይ፣ ድንቹ ከሥር ይተርፋል» ይሏቸዋል።

ወደ ቤት የምንገባ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እጄን ይዘው ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱኝ። ፍልሰታ ነውና ሕዝቡ ለቅዳሴ እየገባ ነበር። የንስሐ አባታቸውን መምሬ ቀለመ ወርቅን በር ላይ አስቁመው፣ «አባቴ፣ ወልደ ሰንበትን ከሙታን ያውጡልኝ» አሏቸው። የክርስትና ስምዎን እስከዚያች ደቂቃ አላውቀውም ነበር። መምሬ ነገሩን ሰምተው መስቀሉን ግንባሬ ላይ ካሳረፉ በኋላ፣ «አንቺ ተሾመች፣ ይኸን ያህል ዘመን ለነፍሱ ስንለምን እግዚአብሔር ለሥጋውም ሲያደርግለት ኖሯል እኮ» አሉ። የዚያን ዕለት ስምዎ በሕይወት ካሉት ጋር ተጠራ። አክስቴ «አሜን» ሲሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

አሁን ከሳቸው ጋር ነኝ። ገብሱን ለከብቶቹ አጭደንላቸዋል። የበረዶው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ግን ልጆቻቸው ጠንካሮች ናቸውና አያሳስብዎ። ትተዋቸው በመሄድዎ ተቀይመው እንደሆነ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ያሉኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፦ «የሞተን ሰው ማን ይቀየማል? አንድም ቀን አልተቀየምኩትም። አሁን ግን በሕይወት አለ። እስከ መስቀል ካልመጣ ግን እቀየማለሁ በይልኝ።»

እናቴን ፍቅርተን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ አክስቴም «ወንድሜን ላኖረችልኝ» ብለው እጅ ነስተዋታል። ወንድሜ አዳሙ ከመስቀል በፊት የመንገድዎን ትኬት እንዲያስብበት ንገሩት፤ ሰላምታዬም ይድረሰው። ፅጌዬ፣ ስታነቢ እንዳታለቅሺ፣ አባባ ይደነግጣሉ። ለጎረቤታችን ለኪዱና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ ወሬውን ላመጡልን ለአቶ መሐሪም እግዚአብሔር ይስጥልን በሉልኝ።

ልጅዎ ትርሲት ንጋቱ
ንፋስ መውጫ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2010 ዓ.ም.