ቀዩን ለብሰው ለባላንጣ ያጨበጨቡት እትዬ ሰርካዲስ ወልደሚካኤል

ወይዘሮ ሰርካዲስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሚካኤል ደምሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቆንጂት አበጋዝ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1942 ደሴ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ሲማሩ ለትምህርት ቤታቸው ቅርጫት ኳስ ተጫውተዋል። አባታቸው ሴት ልጅ በቁምጣ አደባባይ አትወጣም ብለው ቢቆጡ፣ ቀሚሳቸውን አስረዝመው ተጫወቱ እንጂ አልቀሩም።

በ1966 ከአቶ አንድርያስ ገብሬ ጋር ጋብቻ መሥርተው ዮፍታሔንና ሔርሞንን አፈሩ። ዘመኑ ሲከፋ ቤተሰቡ በሱዳን በኩል ተሰዶ በ1983 አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ገባ፤ ሊንደን ሰፈርም ተቀመጠ። እትዬ ሰርካዲስ በሀርትዌል ኮሌጅ ካፍቴሪያ ተቀጠሩ። የኮሌጁን ሴት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ቀን ያበላሉ፤ ጨዋታ ሲኖር የቡድኑን ቀይ ሹራብ ለብሰው ይደግፋሉ። የባላንጣው የኬልበርን ኮሌጅ ስም ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

በ1994 ኬልበርን ሽንፈት ስለበዛበት የሴቶች ቡድኑን ሊያፈርስ መሆኑ ተሰማ። የሀርትዌል ደጋፊዎች ተደሰቱ። እትዬ ሰርካዲስ ግን ኬልበርን በጠራው ስብሰባ ላይ ቀዩን ሹራብ እንደለበሱ ተገኝተው እጃቸውን አወጡ።

«እኔ የእናንተ ደጋፊ አይደለሁም። እንድታሸንፉም አልመኝም። ልጆቹ ግን ተሸነፉ እንጂ አልሸሹም። የምትሸሹት እናንተ ናችሁ» አሉ።

የምታስተረጉምላቸው ሔርሞን ትንሽ ላለስልሰው ወይ ብላ ብትጠይቃቸው «እንዳለ በይው» አሏት።

ከብዙ ሰው ተቃውሞ በኋላ ኮሌጁ ውሳኔውን አነሳ። አዲስ አሠልጣኝ መጣች፤ ቡድኑም ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። በፌብሩዋሪ 1997 ኬልበርን ሀርትዌልን በገዛ ሜዳው አሸነፈ። ቀይ የለበሰው ሁሉ አቀርቅሮ ሲወጣ እሳቸው ብቻቸውን ቆመው አጨበጨቡ። ከኋላቸው የነበረ አንድ ሰው የማን ወገን እንደሆኑ በቁጣ ጠየቃቸው።

«የቀዩ። ዓይን ግን አለኝ» ብለው ማጨብጨባቸውን ቀጠሉ።

ያን ዕለት እራት አልበሉም፤ ሽንፈቱ አንገብግቧቸዋል። አቶ አንድርያስ «ታዲያ ለምን አጨበጨብሽ?» ቢሏቸው «ስለተገባቸው ነዋ» አሉ።

በ1998 በጡት ካንሰር ታመሙ። ሐኪም ከቤት እንዳይወጡ ቢመክርም በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ጨዋታ ሊያዩ ገብተዋል። የኬልበርን አሠልጣኝ አበባ ይዛ ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ አበባውን በአክብሮት ተቀብለው፣ በመጪው ዓመት እንደሚያሸንፏት ነግረው ሸኟት።

ወይዘሮ ሰርካዲስ ማርች 6 ቀን 1999፣ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው እንደከበባቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ አንድርያስ፣ ልጆቻቸው ዮፍታሔና ሔርሞን፣ ሁለት የልጅ ልጆችና እህታቸው ወይዘሮ ወሰንየለሽ በሐዘን ላይ ናቸው።

ቸሩ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ለቀሪዎቹም ብርታቱን ይስጥ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ግን ሞት አሸነፋቸው አንልም። ክርስቶስ ተነሥቷልና።