ወረፋ የያዘ ጆንያ

ማክሰኞ
ዛሬም በሩ ተቆልፎ ዋለ። እትዬ ወርቄ ሲወጡ ቁልፉን ይዘው ነው የሚሄዱት። በስምንት ዓመቴ "አስተምራታለሁ" ብለው ከትውልድ መንደሬ ከደካ አመጡኝ፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆኖኛል። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ። ደመወዝ የለም፣ እረፍት የለም። ባለፈው ወር ወንድሜ ሊጠይቀኝ ቢመጣ "የለችም" ብለው መለሱት። ወፍጮ ቤት ጠብቆ ከደካ ቀበሌ ያወጣልኝን የመታወቂያ መሸኛ ደብዳቤ ሰጠኝ። ያለ መታወቂያ ማንም አይቀጥረኝም።

ነገ የወፍጮ ቀን ነው።

ረቡዕ
ወፍጮ ቤት ሰው ቢሄድም ጆንያው ወረፋ ይይዛል። ጤፉን አቁሜ ቀበሌ ሮጥኩ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና "እዚህ የወይዘሮ ወርቄ ልጅ ነሽ፣ መሸኛው ሌላ አባት ይላል። ሦስት ምስክር አምጪ" አለኝ። ልጅ መባሌን ያኔ ሰማሁ። ሳቄ መጣ።

ወፍጮ ቤት ተመልሼ ወረፋ ላይ ያሉትን ሴቶች ለመንኳቸው። እትዬ አስቴር ቡና ለቃሚ ናቸው፤ ሁሌ እዚያ እናወራለን። ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። ፈረሙ፣ መታወቂያዬ ላይ ማኅተሙ ተመታ።

ስንመለስ ባለወፍጮው ባለቤት ያጣውን ጆንያ ሁሉ ፈጭቶ ደርድሮታል። በጥድፊያ አንዱን ተሸክሜ ገባሁ። በቆሎ ሆኖ ተገኘ። እትዬ ወርቄ በጣታቸው ነካ አድርገው "ይሄ የኛ ጤፍ አይደለም። የት ነበርሽ?" አሉ። በጣም ፈራሁ።

ሐሙስ
ጤፋቸውን ሊያስመልሱ በቆሎውን አሸክመው ወፍጮ ቤት ወሰዱኝ። ሁለቱንም ቀሚሶቼን ደርቤ ነበር የወጣሁት። ሌላ ዕቃ የለኝም።

ጆንያውን አወረድኩና "እትዬ፣ እኔ ቤት አልመለስም" አልኩ።
"በምን መታወቂያሽ?"
አሳየኋቸው፣ በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ።
"ማን መሰከረልሽ?"
"እኔ ነኝ" አሉ ከወረፋው መሃል እትዬ አስቴር። ሌላዋም "እኔም" አለች። ሦስተኛዋ እጇን ብቻ አወጣች።

እትዬ ወርቄ "ያሳደግኩሽ እኔ" ብለው አለቀሱ። አሳዘኑኝ። ሆኖም አልተመለስኩም። እትዬ አስቴር ሺሺንዳ ከተማ ምግብ ቤት ላላቸው እህታቸው ደውለው አሳፈሩኝ።

ቅዳሜ
ሺሺንዳ። ሁለተኛ ቀኔ። ሳህን አጠብኩ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ። የእትዬ አስቴር እህት በወር ስንት እንደሚከፍሉኝ ነገሩኝ። ከዚያ "ነገ እረፍትሽ ነው" አሉ።
"ምን ልሥራ?" አልኩ።
"እኔ ምን አውቄልሽ? የፈለግሽውን።"

እሑድ
ከአልጋዬ ዘግይቼ ተነሳሁ። ማንም አልጠራኝም። ጨነቀኝ፣ ደስም አለኝ። በምግብ ቤቱ ባለቤት ስልክ ለወንድሜ ደወልኩ።
"መቼ ይፈቅዱልሻል? ልምጣ?" አለኝ።
"እኔ እመጣለሁ" አልኩት። መቼ እንደሆነ ገና አልወሰንኩም።