የደረቴ መስሚያና ያመለጠችኝ ቃል

ሰኞ
የጆሮ መስሚያዬ ዛሬም ችሎት ላይ ከዳችኝ። የባትሪ ድንጋይዋ እያለቀ መሆኑን ጠዋት አውቄያለሁ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። አዲስ ድንጋይ የሚያመጣልኝ የሻሸመኔ ጭነት መኪና ደግሞ ከጠፋ ሰነበተ።

መስሚያዋ የሲጋራ ፓኮ ታክላለች። ባለቤቴ ሎኮ በሰፋችልኝ ከረጢት ከሸሚዜ ሥር ደረቴ ላይ አንጠለጥላታለሁ። ወደ ጆሮዬ የሚወጣውን ሽቦ በፎጣ እሸፍነዋለሁ። ስንቀሳቀስ ሸሚዙ ይፈትጋታል፤ ያን ጊዜ የምሰማው ጨርቅ እንጂ ሰው አይደለም። የነገሌ ሙቀትና ላብ ሲጨመርበት የባሰ ነው።

የዛሬው ተከሳሽ ጋልጋሎ የሚባል የአሬሮ ሰው ነው፤ የጎረቤቱን ላም ነድቶ ወስዷል ተብሎ። ዳኛው ምስክሩን ቦሩን፣ ሲነዳ አይተሃል ወይ ብለው ጠየቁት። አስተርጓሚው እኔ ነኝና በኦሮምኛ አስተላለፍኩ። «አርጊኔ» ሲል ሰማሁ። «አየን ይላል» አልኩ። ጸሐፊው ጻፈ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ እዚያ አልነበረም።

ድገመው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ባለፈው ሳምንት ዳኛው፣ ምስክር ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚናገረው ለምንድን ነው ብለው ነበር።

ማክሰኞ
ተፈረደበት። ሁለት ዓመት። ለጋልጋሎ ፍርዱን በቋንቋው የነገርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ አሻግሮ ወደ ኋላዬ አየ።

ረቡዕ
ቦሩን ገበያ ላይ አገኘሁት። አካም ብዬ ሰላም አልኩት፤ ናጋ ብሎ አልመለሰልኝም። የሆነ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም። ሁለተኛ ሲናገር ጮኸ።

«ሂን አርጊኔ ነው ያልኩት። አላየሁም ነው ያልኩት። ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?»

ሂን። ከትንፋሽ የማትበልጥ ቃል። አየንን አላየሁም የምታደርገው እሷ ናት። ሸሚዜ ይዋጣት ድንጋዩ፣ አላውቅም።

ምሳ አልበላሁም። ለሎኮ ነገርኳት። ሥራህን ታጣለህ አለች። እኔም ይህንኑ ሳስብ ነው የዋልኩት። የማይሰማ አስተርጓሚ ማን ይፈልጋል? ነጋዴ አይደለሁም፣ ከብት የለኝም። ያለኝ ሁለት ቋንቋ ነው።

ሎኮ ግን መልሳ፣ «ለዳኛው ካልነገርክስ የጋልጋሎን ዘመዶች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለች።

ሐሙስ
ዳኛው ቢሮ ገባሁ። መስሚያዋን ከሸሚዜ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኳት። ራዲዮ ልሸጥላቸው የመጣሁ መሰላቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስንት ጊዜ እንዲህ ሆኗል?» አሉኝ።

«አላውቅም ጌታዬ» አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ መልስ የለም።

የቦሩ ቃል ነገ በሌላ አስተርጓሚ እንደገና ይሰማል። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ችሎት አልገባም።

ዓርብ
እቤት ዋልኩ። በደንብ ሳልሰማ ካስተረጎምኳቸው ጉዳዮች የማስታውሳቸውን ጻፍኩ፦
የዱብሉቅ የውኃ ጉድጓድ ጠብ። ያቺ ባሏ የሞተባት ሴትዮ፣ የውርስ ነገር። ያቤሎ ላይ ሰው ወግቷል የተባለው ወጣት፤ እሱ በጣም በቀስታ ነበር የሚናገረው።

ተውኩት። መጻፉ አስፈራኝ።

ከሰዓት በኋላ ሎኮ ከውጭ ሰምታ መጣች። ከጤና ጣቢያ የተጠራ ሰው አስተርጉሞ፣ ቦሩም አላየሁም ብሎ፣ ጋልጋሎ ተፈቷል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ሌላ፣ አልለየሁትም።

ቅዳሜ
ጋልጋሎ ቤቴ መጣ። መስሚያዋ ጨርሳ ጸጥ ብላለች። በረንዳው ላይ ቆሞ ብዙ ተናገረ። ከንፈሩን አየሁ፤ አልያዝኩትም። በመጨረሻ መልስ ሲጠብቀኝ፣ ነገሩ እንዲያልፍልኝ ብዬ አዎ እንደሚል ሰው አንገቴን ነቀነቅኩ። ጥቂት አየኝና ሄደ።

ሎኮ ከበሩ ኋላ ሰምታው ነበር። ፊቷ ተለውጦ ነበር። ምን አለኝ አልኳት። ጆሮዬ ላይ አፏን አስጠግታ ነገረችኝ።

«‹ፍርዱ ሲነገር ልጄ ከኋላህ ታለቅስ ነበር፤ እየሰማሃት ነው ያልዞርከው?› ብሎ ጠየቀህ። አንተም አዎ አልከው።»

ጋልጋሎ አገሩ የሚመለስበት የአሬሮ መኪና ነገ ጠዋት ከገበያው ይነሳል። ልጁን እንዳልሰማኋት ልነግረው ቀድሜ ደርሼ እጠብቀዋለሁ። የሚለኝን የምትነግረኝ ሎኮ አብራኝ ትሄዳለች። ቆሞ ይስማኝ አይስማኝ ግን አላውቅም።