አንዳርጌ የሸጠብኝ ፈረስ

ኅዳር 1፣ ጧት 1 ሰዓት

ልጄ አንዳርጌ ፈረሴን ሸጠብኝ። ሳይጠይቀኝ፣ ሳይነግረኝ። ዳንግላ ሐኪም ዘንድ በሄድሁበት ቀን ዳማ ፈረሴን ፈትቶ ወሰደና ለማላውቀው ሰው ሰጠ። በደሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።

የልቤ ምት 96። ተቀምጬ፣ ምንም ሳልቀምስ።

ትናንት በዚህ ሰዓት 88 ነበር። ለምን ጨመረ? ከአልጋዬ እስከ በሩ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ዐሥራ ሁለት እርምጃ ስምንት ምት አይጨምርም። እንደገና ቆጠርሁ። 102። መቁጠሩ ራሱ ይጨምረዋል፣ አውቃለሁ። ካልቆጠርሁ ደግሞ አለመቆሙን በምን አውቃለሁ?

የምቆጥረው በአዊኛ ነው። በግ መቁጠር የተማርሁበት ቋንቋ ስለሆነ አይሳሳትብኝም። የምጽፈው በአማርኛ ነው። ጽሕፈት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ፊደሉን ከሳሙና መጠቅለያና ከጋዜጣ ቁራጭ ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። አንተን ደብተሬን የገዛሁህም ለምቱ ነው። አሁን ግን ሌላውንም ትሸከማለህ።

ኅዳር 2፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ጉሙ እስካሁን አልተነሣም። ቆሰበር ዛሬ ፀሐይ አላየችም። (እንጅባራ የሚሉት ለወረቀት ነው፤ እኔ የማውቃት ቆሰበርን ነው።) ሚስቴ ጥሩወርቅ ድንች ልታስወጣ ሰው ይዛ ወርዳለች። እኔ ደጅ ተቀምጬ አንገቴን በሁለት ጣት ይዣለሁ።

ሦስት ጊዜ ታይቻለሁ። ሁለቴ እዚሁ ጤ/ጣቢያ፣ አንዴ ዳንግላ። ዳንግላ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ፣ ወረቀት ላይ መስመር ወጣ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። መስመሩን በጣቷ ተከትላ ልብዎ ደህና ነው አለችኝ። ደህና ከሆነ ለምን ይጋልባል አልኋት። አባቴ፣ የሚያስሮጠው ፍርሃት ነው አለች። ሰዓቱን ያውልቁት፣ አይቁጠሩ፣ ይልቅ ይራመዱ አለች።

ፍርሃት። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ማንም ይህን ቃል በፊቴ ተናግሮት አያውቅም። አመስግኜ ወጣሁ። ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም ሚኒባሱ ውስጥ ያን ቃል ሳመላልስ መጣሁ። ከአዲስ ቅዳም እስከ ቆሰበር ቆጠርሁ። ቤት ስደርስ ጋጣው ባዶ ነው።

እስቲ አንተ ፍረድ። ታምሜ ከሆነ ያክሙኝ። ጤነኛ ከሆንሁ ፈረሴን ምን ብሎ ሸጠው? ሁለቱም ባንድ ጊዜ እውነት ሊሆን አይችልም።

ኅዳር 4፣ ጧት 3 ሰ.

ምት 110። ቁርስ ተውሁ።

አያ ደሴ መጣ። የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አፉ ግን ጎረምሳ ነው። እጄን አንገቴ ላይ አገኘው።

“አንት ሰው፣ ምን ሁነሃል? ራስህን ልታንቅ ነው?”

ጣቶቼን አላነሣሁም።

“የልብህን ምት ከምትቆጥር በጎችህን ብትቆጥር። አንዷ ትናንት ገብሴ ውስጥ ስትግጥ ውላለች።”

አልሳቅሁም። ሽማግሌ ሰብስብልኝ አልሁት፣ በአንዳርጌ ላይ። ምን እንዲፈረድልህ ትሻለህ አለ። ነገርሁት። ልጄ እንዳይባል። ስሞት ቃሬዛዬን እንዳይሸከም። መቃብሬ ላይ አንድ እፍኝ አፈር እንዳያደርግ።

ደሴ ቀልዱን አቆመ። ለአንድ ፈረስ? አለ። ለፈረሱ አይደለም፣ ሳይጠይቀኝ ስለ ወሰደው ነው አልሁ። እሑድ ኅዳር 14፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚሁ ቤቴ ተባለ።

ሲወጣ፣ እስከዚያ እንዳትሞትብን ብሎ ሣቀ። ከእሱ በኋላ 121።

ኅዳር 6፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ስለ ዓለሙ ለቅሶ አልጻፍሁልህም። ልጻፍ።

ዓለሙ ጓደኛዬ ነበር፣ እኩያዬ። ጥቅምት ላይ ለከሰል የሚሆን የዲከረንስ እንጨት ሲከምር ውሎ፣ ልረፍ ብሎ ቁጭ አለ፣ በዚያው ቀረ። ያመመው ነገር አልነበረም። ልቡን ቆጥሮት አያውቅም።

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የሚለቀሰው በፈረስ ነው። የሟቹ ፈረስ ይጫናል፤ ማንም ሳይቀመጥበት በልጓሙ ይሳባል። እኛ ፈረሰኞቹ ዙሪያውን እንጋልባለን። ሁለተኛው ዙር ላይ ልቤ ተነሣ። ኮርቻው ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ የእሱን ድምፅ ከዳማው ኮቴ መለየት አቃተኝ። ዓይኔ ጨለመ። ወረድሁ። ልጓሙን ይዤ በእግሬ መሄድ ጀመርሁ።

ያደረግሁትን ያወቅሁት ሴቶቹ ሲጮኹ ነው። ተጭኖ፣ ሰው ሳይኖርበት የሚሳብ ፈረስ የሟች ፈረስ ነው። ከጥሊሊ የመጡት ለቀስተኞች አያውቁኝም፤ ሁለት ሰው የሞተ መሰላቸው። አልቃሿ የዳማውን ባለቤት ስም ጠየቀች። ከሴቶቹ አንዷ ነገረቻት። ስሜን ከዓለሙ ስም ጋር አያይዛ አወረደችው። ፈረሱን ይዤ ቆሜ በቁሜ ተለቀሰልኝ። ግጥሙ ጥሩ ነበር። ደረት የመቱም ነበሩ።

ነገሩ ሲታወቅ ወጣቶቹ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ሳቁ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

አንዳርጌ መጥቶ ልጓሙን ከእጄ ወሰደ። ወደ ቤት ተመለስን። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ኅዳር 9፣ ቀትር

98። 104። 99። በሩ ሲንኳኳ 118።

የመጣው አንዳርጌ ነው። ጎረቤት ነው የሚኖረው፤ አጥራችን ከአጥሩ ይያያዛል። የበረታችንን ቀርከሃ ሊጠግን ነው የመጣ። እንዴት ዋሉ አባባ አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ሥራውን ጀመረ። ሲመታ ሲመታ ቆየ። እያንዳንዱ ምት ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። ሲጨርስ ለእናቱ ብቻ ደህና ዋይ ብሎ ሄደ።

ገብሱ ደርሷል፣ አልወረድሁም። ቤ/ክ ከሄድሁ ሦስተኛ እሑዴ ሊሆን ነው፤ አቀበቱ አለ። ዳገት አልወጣም፣ ቁልቁለት አልወርድም፣ ትኩስ አልጠጣም፣ በግራ ጎኔ አልተኛም። ቀረኝ የምለው ይህ መደብና ይህ ሰዓት ነው። ሞትን አልፈራም ስል ነው የኖርሁት። እውነት ነበር ብዬ አምናለሁ። ታዲያ ጧት ስነቃ ከበስመ አብ በፊት እጄ ወደ አንገቴ የሚሄደው ምን ሊፈልግ ነው?

ይህን ኑሮ ካሉት፣ ዓለሙ ተገላገለ።

ኅዳር 12፣ ጧት 2 ሰ.

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን በየደጁ አቃጥሎ በሽታ ያባርራል። ጢሱ በበሩ ገባ። አንድ ጊዜ ሳልሁ። ልቤ አንድ ምት ሳተ፤ ከዚያ እንደ ተባረረ እንስሳ ሮጠ። 140 ደረስሁ፣ ከዚያ በላይ መቁጠር አልቻልሁም። ጣቶቼ ደነዘዙ። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። በቃ፣ ይህ ነው አልሁ። አንዳርጌ ብዬ ጮኽሁ።

ሌላ ስም አልመጣልኝም።

እየሮጠ መጣ። ጀርባዬን ይዞ ተቀመጠ። እስኪበርድልኝ ተደግፌው ቆየሁ። ሲበርድልኝ እጁን ከላዬ አነሣሁ፤ እሑድ እንገናኛለን አልሁት። እሺ አባባ አለ።

ኅዳር 13፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ነገ ሽማግሌ ይመጣል፣ ቤቱ ይጠረግ አልኋት ጥሩወርቅን። ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

“ማን ላይ ነው የምታስፈርደው?”

አንዳርጌ ላይ አልሁ።

“አንዳርጌ ምን አደረገ? ያልኸውን ነው ያደረገ።”

ምን አልሁት አልኋት።

“ከዓለሙ ለቅሶ የመጣህ ለታ፣ እዚችው መደብ ላይ፣ እጁን ይዘህ እንደ ሕፃን እየተንቀጠቀጥህ፣ ‘ይህን ፈረስ ከዓይኔ አርቅልኝ፣ እኔ በሌለሁበት ሽጠው’ አላልኸውም? ‘እኔ እንዳልሁህ ለሰው ብትናገር ልጄ አይደለህም’ ብለህ አላስማልኸውም? እሱ ምሏል። እኔ አልማልሁም። ምድጃው ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ።”

ዋሸሽ ልላት አፌን ከፈትሁ። መልሼ ዘጋሁት። ቢላዋዋን አንሥታ መላጧን ቀጠለች።

አስታውሳለሁ። አላስታውስም ብዬ የጻፍሁት ውሸት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስታውሳለሁ።

ሌላም አለ። ከዳንግላ መጥቼ ጋጣውን ባዶ ሳየው፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ አልነበረም። ከእንግዲህ ማንም ፈረስ ላይ ውጣ አይለኝም አልሁ በልቤ። ቆጠርሁ። 74። ከዓለሙ ሞት ወዲህ እንዲያ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ያን አልጻፍሁትም። ከዚያ አንድ ሌላ ጎረቤት መጣና ዳማው የት ሄደ አለ። ልጄ ሸጠብኝ አልሁ። ሰውየው አዘነልኝ። ማዘኑ ደስ አለኝ። ልጁ የበደለው ሰው መሆን ፈረሱን የፈራ ሰው ከመሆን ይሻላል። ለሁለተኛው ሰውም እንዲሁ አልሁ። በሦስተኛው ቀን እኔም አመንሁት።

ደሴን፣ ሽማግሌው ይቅር ልበለው? ምን ምክንያት እሰጣለሁ? ጥሩወርቅ እያየችኝ ነው። 108። 108። 111።

ኅዳር 14፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ሄደዋል። ሦስት ነበሩ፣ ደሴ፣ የንስሐ አባታችንና አንድ የሰፈር ሰው።

በደሌን እንድናገር ተጠየቅሁ። ተነሥቼ ተናገርሁ። ሳይጠይቀኝ፣ ሳይነግረኝ አልሁ። በዚህ ደብተር እንደጻፍሁት፣ ቃል በቃል። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።

አንዳርጌን ጠሩት። ከውጭ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ገባ። ትንሽ ድንጋይ አይደለም። የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ የልጆች አባት ነው። ጎንበስ ብሎ እግሬ ሥር ተንበረከከ። ደሴ ለምን ሸጥኸው አለው። አጥፍቻለሁ አለ። ለምን ነው ያልሁህ አለ ደሴ። አንዳርጌ ከወለሉ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣

“ይማሩኝ አባባ። ሌላ የምለው የለኝም።”

ምሏል። መሐላውን ጠበቀ። አንድ ቃል ቢናገር ነፃ ነበር። እኔም አንድ ቃል ብናገር ነፃ ነበር።

ደረቴ መታ። ሰዓቱን አላየሁም። ሰው ሁሉ አፌን ያያል፤ እኔ የአንዳርጌን አንገት አያለሁ። ድንጋዩ ቆዳውን ልጦት ቀይ ሆኗል። ተናገር አልሁ ለራሴ። ተናገር፣ ሽጠው ያልሁ እኔ ነኝ በል። ምላሴ አልታዘዘም። ልቤ ነው እንዳልል ልቤ በቦታው ነበር። ሐኪሟ ያለችው ያ ቃል ነበር።

ቄሱ፣ ልጅዎን ይማሩት አሉ። ምሬዋለሁ አልሁ። ድንጋዩን አውርዱለት አልሁ። ቃሬዛዬንም ይሸከም አልሁ፣ እንደ ቸር ሰው። ደሴ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው ብሎ አመሰገነኝ። መረቁን። አንዳርጌ ጉልበቴን ሳመ። ፊቱ እርጥብ ነበር፤ በሱሪዬ በኩል ተሰማኝ።

ኅዳር 16፣ ጧት 3 ሰ.

ጾም ገብቷል። ጥሩወርቅ ምግቤን ታቀርባለች፣ ደህና አደርህ ትላለች፣ ከዚያ በላይ የለም። አንዳርጌ ሲነጋ መጥቶ ገብሱን ሊያጭድ ወረደ። ከዚህ አየዋለሁ። አንገቱን በጨርቅ ጠምጥሞታል። በመንገድ የሚያልፉ ያነጋግሩታል፤ ምን እንደሚሉት ይገባኛል። የአባቱን ፈረስ የሸጠ እየተባለ ነው የሚኖረው። ልጆቹም ይሰሙታል።

ወርጄ ልነግረው አስቤ ነበር። እስከ በሩ ሄድሁ። ቁልቁለቱን አየሁት፣ ተመለስሁ። ቁልቁለቱን ፈርቼ ነው ብል ደግሞ እዋሻለሁ።

ነገሩ ተፈርዷል። ሽማግሌ ፈርዷል፣ ቄስ ባርኳል። አንዳርጌ አጠፋ ተብሏል፣ እኔ ምሬአለሁ ተብሏል። አሁን ላፍርሰው ብል የማፈርሰው ሰባ አንድ ዓመት ነው፤ ያን ለመሸከም የሚችል ልብ የለኝም። ደህና ነው ቢሉኝም የለኝም።

ስለዚህ ይኸው ቃሌ። ስለ ዳማው ሁለተኛ አልናገርም። ለደሴ አልናገርም። ለጥሩወርቅ አልመልስላትም። ለንስሐ አባቴ አልናገርም፤ የሚያስከፍለኝን እከፍላለሁ። አንዳርጌ ራሱ አንድ ቀን መጥቶ አባባ ለምን ቢለኝ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ለአንተም ከዚህ በኋላ የምሰጥህ ምቱን ብቻ ነው።

105።