አሥራ ሁለቱ ስሞችና የመዝጊያው ንግግር

ሰኞ፣ ጥር 22፤ ጧት 1 ሰ.

«የተከበሩ ጓድ የፓርቲው ተጠሪ፤ የተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፤ የተከበራችሁ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች፤ ውድ ስፖርተኞቻችን።»

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይህን መስመር ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍሁት። ቅዳሜ የውድድሩ መዝጊያ ነው። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ከሆንሁ አሥራ ስድስት ዓመት፤ መድረኩን ሌላ ሰው መርቶት አያውቅም። ባለፈው ዓመት ዲኑን ከተጠሪው አስቀድሜ ጠራሁ። የአፍ ስሕተት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ «አመለካከቴ» ተጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ የሰላምታውን ተራ ደጋግሜ አረጋግጣለሁ።

ሐይቁ ላይ ጉም። ሯጮቹ ወደ ዓባይ ድልድይ ወጥተዋል። ልሂድ፤ ሲመለሱ የልብ ምታቸውን መቁጠር አለብኝ።

ያው ቀን፤ 10 ሰ.

ተጠሪው ጓድ ዘውዱ ቢሮ አስጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩ አላማረኝም።

ስለ ደብተሬ ጠየቁ። እያንዳንዱ ሯጭ ከደረሰ በኋላ ልቡ በስንት ደቂቃ እንደሚረጋ የምመዘግብበት፤ ተማሪዎቹ «የትንፋሽ ደብተር» የሚሉት። በጥቅምቱ የሥራ ሪፖርት ስብሰባ የተመጻደቅሁበት እኔው ነኝ። ከኮሌጁ ልጆች ማን ጠንካራ እንደሆነ በአንድ ገጽ ማሳየት እችላለሁ አልሁ። ተጨበጨበልኝ። እሳቸው ግን ጽፈው ያዙት።

የሚፈልጉት ከደብተሩ ቀዳሚዎቹን አሥራ ሁለት ስሞች ነው። ቅዳሜ ከሽልማቱ በኋላ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በእኔ አንደበት «በፈቃዳቸው ወደ ግንባር የሚዘምቱ» ተብለው ይነበባሉ። መኪናው ከሜዳው በር ይጠብቃል። ልጆቹ ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሲሰሙ ያውቃሉ አሉኝ፣ በትሕትና።

ሻዩን ጨረስሁት። ለምን እንደ ጨረስሁት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 23፤ ጧት 2 ሰ.

እንቅልፍ የለም። ከደብተሩ መጨረሻ የደካሞቹን ስም ልስጥ ብዬ አሰብሁ። ወዲያው አፈርሁ። ደካማውም የእናት ልጅ ነው።

ከደብተሩ ራስ ላይ ያለው አለነ ነው፤ የሐሙሲት ልጅ። ሲሮጥ ትከሻው አይነቃነቅም። ከዓይናቸው ይራቅልኝ ብዬ እስከ ቅዳሜ ዕረፍ አልሁት። ትክ ብሎ አየኝ፤ «ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ፍጠን እያሉ ፈጁኝ፤ ዛሬ ደግሞ ተኛ ይሉኛል። አሞዎታል እንዴ?» ጓደኞቹ ሣቁ። አንዱ፣ ጋሼን ዘንድሮ እርጅና ያዛቸው አለ። አብሬ ሣቅሁ።

ቅዳሜ ቀን በ6 ሰ. አውቶቡስ አገሩ ሊገባ ነው። የሴሚስተሩ ዕረፍት ይጀምራል። እናቱ እየጠበቁት ነው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ማየት አልቻልሁም።

ረቡዕ፣ ጥር 24፤ ከሰዓት

ለባለቤቴ ለወርቅነሽ ነገርኋት። አላለቀሰችም። ደብተሩ የት ነው አለች።

አባቷ መሪጌታ ከደሴቱ በታንኳ መጥተው እኛው ቤት ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን በዝግታ አገላበጡ። የአለነ ልብ በሦስት ደቂቃ እንደሚረጋ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይኸ ልጅ ለማኅሌት ይሆን ነበር። እኛ ዘንድ ቢመጣ ሌሊቱን ሙሉ ይቆምልን ነበር።» ወርቅነሽ የዳዊታቸውን የቆዳ ማኅደር ከፈተች፤ ደብተሩን ከዳዊቱ ጎን ከታ አሠረችው። «ከዳዊት ጋር አብሮ ይደገማል» አለች። በዚህች ሰዓት እንኳ አሣቀችኝ።

መሪጌታን እስከ ወደቡ ሸኘኋቸው። አብዮት ጠባቂው አስቆማቸው። ጠመንጃው አዲስ ነው። ማኅደሩን በጣቱ እየነካ ምንድን ነው አለ። መጽሐፍ ነው አሉ። ልጁ ግራ ቀኝ አየ፤ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ ጎንበስ ብሎ ማኅደሩን ተሳለመ። እለፉ አለ።

ታንኳዋ ከደንገሉ ጀርባ እስክትሰወር ቆሜ ቀረሁ። አሁን ሽማግሌውንም ከነገሩ አገባኋቸው። ፍርሃቴ አልቀነሰም፤ በዛ እንጂ።

ዓርብ፣ ጥር 26፤ 9 ሰ.

ጓድ ዘውዱ ሜዳው ድረስ መጡ። ዝርዝሩን ጠየቁ። ተጽፎ ኪሴ ነው አልሁ፤ አውጥቼም አሳየሁ። አሥራ ሁለት ስም፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ነገ ይዘኸው ውጣ አሉ። ሲሄዱ ዞር ብለው፣ «ዘንድሮ እንኳ ከዲኑ ኋላ እንዳታደርገኝ» አሉና ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። በዚህ ሳምንት የሣቅሁትን ያህል በዓመት ሥቄ አላውቅም።

ከዚያ ወደ አቶ ፈንታ፤ የዕቃ ግምጃ ቤታችን ኃላፊ። ብሔራዊ መዝሙሩን በድምፅ ማጉያ የሚያሰማው እሱ ነው። ሥርዓታችን የታወቀ ነው፤ እኔ «መልካም ውጤት እመኛለሁ» ስል እሱ ቁልፉን ይጫናል፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ሰው ይበተናል። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ ቃሉን ከሽልማቱ በፊት አምልጦኝ አልሁት። መዝሙሩ ተነሣ። ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ እንደ ቆመ ስብሰባው ተበተነ። ተመለሱና ተቀመጡ ለማለት የደፈረ አልነበረም።

ነገ ቃሉን ከዝርዝሩ በፊት ብል ምን ታደርጋለህ አልሁት። የኳስ መረብ እየቋጠረ ነበር። ቀና አላለም። «ጌታዬ፣ እኔ ቃሉን ከሰማሁ እጫናለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ?» ቋጠሮውን አጥብቆም፣ በሐይቁ በኩል ያለውን የዛገ በር ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ ነገ ክፍት ይሆናል አለ።

ለሯጮቹ፣ ሻንጣችሁን አሥራችሁ ወደ ሜዳ ኑ፤ መዝሙሩ እንዳለቀ በሐይቁ በር ውጡ፤ ወደ መኝታ ክፍል አትመለሱ አልኋቸው። አለነ በዚህ ጊዜ አልቀለደም።

ቅዳሜ፣ ጥር 27፤ ጧት 12 ሰ.

ወስኛለሁ። ይህ የሚያተርፍላቸው የዕረፍቱን ሳምንታት ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔን ግን ዛሬውኑ ይጠይቁኛል።

ወርቅነሽ ኮቴን ይዛ ቆማለች። ኪሱን ዳበስሁ። ዝርዝሩ የለም፤ ምድጃ ገብቷል። በቦታው የሱፍ ካልሲ አስቀምጣለች። የማረፊያ ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው ይላሉ አለችኝ፣ ሌላ ነገር የምታወራ ይመስል።

ንግግሩን ለመጨረሻ ጊዜ ልጻፈው፤

«የተከበሩ ጓድ የፓርቲው ተጠሪ፤ የተከበሩ የኮሌጃችን ዲን፤ የተከበራችሁ መምህራንና የአስተዳደር ሠራተኞች፤ ውድ ስፖርተኞቻችን። ጥሪያችንን አክብራችሁ በመካከላችን በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ለሯጮቻችን በሰላም ወደ ወላጆቻችሁ ግቡ እላለሁ። ለሁላችሁም መልካም ውጤት እመኛለሁ።»

ከዚህ በታች ያለው ቦታ የአሥራ ሁለቱ ስሞች ነበር፤ ባዶ ይቀራል።