የመሪጌታ ካባ አልጠቁር ሲል

ኅዳር 4
የገበያ ቀን። ስቱዲዮው ጉርድ ፎቶ በሚነሣ ሰው ተሞልቶ ዋለ። ወንድሜ አንዷለም ከደሴ ያመጣውን ወረቀት ዛሬ ጀመርነው። የማያብለጨልጨውን... ደስ ይላል።

ከሰዓት እማማ ታይቱ የሚባሉ ሴት ከደሃና መጡ። ያረፉት ባለቤታቸው፣ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ፣ ስልካቸው ላይ በፎቶ አሉ። ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመው። ሌላ ፎቶ የላቸውም። ሙት ዓመቱ እሑድ ነው። «ትልቅ አርጊልኝ ልጄ።»

ኅዳር 5
አተምኩት፤ ካባው አመድ መሰለ። ስክሪኑ ላይ እኮ ጥቁር ነው!

እማማ ታይቱ አዩትና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።
«አልወደዱትም?»
«ይኼን ፊት አውቀዋለሁ። ሊሞት ሲል እንዲህ ነበር የገረጣው። ዓመቱን ሙሉ የሚታየኝ ይኸው ነው... ደኅናውን ፈልጌ ነበር የመጣሁት።»
እስከ ዓርብ ይጠብቁኝ አልኳቸው። እዚሁ ሰቆጣ ዘመድ ቤት ናቸው።

ኅዳር 6
አንዷለም «ቀለሙ ነው፣ ሻጮቹ አጭበርብረውናል» አለ። ቀለም የተዘጋበት እንዳለ የሚያሳየውን የማተሚያውን መፈተሻ ገጽ አወጣሁ። መስመሩ ሁሉ ሙሉ ነው። ማሽኑንም አጸዳሁት። ያው አመድ።

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አጠቆርኩት። ካባው ብዙም አልጠቆረ... የመሪጌታ ዓይን ግን ጨለማው ውስጥ ጠፋ። ተውኩት።

ኅዳር 7
መብራት የለም።

ኅዳር 8
ከድሮው፣ ከሚያብለጨልጨው ወረቀት አንድ ትንሽ ተርፎ አገኘሁ። አተምኩበት። ጥቁር! ቀለሙ ደኅና ነው ማለት ነው። ታዲያ?

ቅንብሩን ከፈትኩ። የወረቀት ዓይነት፦ የሚያብለጨልጭ። ወይ ጉድ! ማሽኑ ሁለት ጥቁር ቀለም አለው፤ አንዱ ለሚያብለጨልጨው፣ አንዱ ለዚህኛው። ወረቀቱን ስንቀይር ለማሽኑ አልነገርነውም። በማይሆነው ጥቁር ነው ሲያትም የከረመው።

ቀየርኩት። ካባው ጠቆረ። ፊታቸው ግን አሁንም የገረጣ ነው... እሱስ የኔ ጥፋት ነው። እንደ ልማዴ ኮምፒውተር ላይ ቀላ አድርጌዋለሁ። ማን ለመነኝ? መለስኩትና እንደገና አተምኩ።

ኅዳር 9
እማማ ታይቱ ፎቶውን ይዘው በር ላይ፣ ብርሃን ጋ ወጡ። በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አሉ። ለእኔ አይደለም፣ ለመሪጌታ ነው።
ከዚያ ጠሩኝ። ካባው ጫፍ ላይ፣ ጥቁሩ ውስጥ፣ በመርፌ የተጣፈች ትንሽ ቦታ አለች።
«አየሻት? እኔ ነኝ የጣፍኳት።»
እስከዛሬ አላየኋትም።
ነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው ሄዱ።

ኅዳር 15
ደግሰው የሚባለው ልጃቸው ለጉዳይ መጥቶ ጎራ አለ። ሙት ዓመቱ ደኅና አለፈ። ስለ እናቱ ጠየቅኩት።
«አባባ ካረፈ ጀምሮ የምታወራው ስለ በሽታው ብቻ ነበር» አለ። «እሑድ ማታ ፎቶውን እያየች ስለ ሠርጋቸው አወራችልን። ሙሽራው አባባ እያዜመ ሳለ እሷን ሲያይ ዜማው ጠፍቶት፣ ሚዜው ነው አሉ የጨረሰለት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።»